የዓመት ትኬት ከሸጣችሁልን ጨዋታውንም ቁጠሩልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ከኋላ፣ ከስፖርት ገጹ ጀምሬ ነው የማነበው። ስለ ክለቦች በጀት፣ ስለ ዝውውር፣ ስለተሰናበተ አሰልጣኝ በየሳምንቱ ትጽፋላችሁ። ጥሩ ነው። ከፍሎ ስለሚገባው ደጋፊ ግን ብዙም አይጻፍም። ከፍሎ ስለማይገባው ደግሞ ጭራሽ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለሱ ነው።

የቂርቆስ ልጅ ነኝ። ጋራዥ ነው የምሠራው። ከቤታችን አዲስ አበባ ስታዲየም በእግር ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው። አባቴ ሚስማር ተራ መቀመጥ የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ፤ እነዚህን የስታዲየሙን መቀመጫ ስሞች የሚያውቅ ሰው የምለው ቶሎ ይገባዋል። ጥር 1954 ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ አባቴ የአስር ዓመት ልጅ ነበሩ። አጎታቸው እጃቸውን ይዘው አስገብተዋቸው ነበር። ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል ከሰው ብብት ስር ሆነው እንዳዩት እስከ ዛሬ ያወሩታል። እኔ ደግሞ የማወራው ጥቅምት 2005ን ነው። ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍን ቀን አባትና ልጅ ሆነን ሌሊቱን ወረፋ ላይ አድረን ነው የገባነው። በአንድ ጋቢ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለትዝታ ብዬ አይደለም። ሜዳ መግባት ለኛ ምን ማለት እንደሆነ እንድታውቁልኝ ነው። ቀጥሎ የማነሳው የገንዘብ ጉዳይ ስለሆነ አንዳንድ ሰው "ለጥቂት ብር ነው ይሄ ሁሉ?" ሊል ይችላል። ለጥቂት ብር አይደለም።

ክለባችን የዓመት ካርድ ይሸጣል። ሲዝን ትኬት በሉት፣ የደጋፊ መታወቂያ በሉት፣ ያው ነው። የክለቡን ስም አልጠራም። ስም ከጠራሁ ነገሩ የደርቢ ጸብ ይሆንና ዋናው ጉዳይ ይረሳል። ደግሞም የአንድ ክለብ ብቻ ችግር አይመስለኝም። እኔና አባቴ ካርዱን መጀመሪያ ስንገዛ ዋጋው ለአንድ ሰው 1,500 ብር ነበር። ያኔ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ 16 ክለብ ነበረው። 30 ጨዋታ ማለት ነው፣ 15ቱ በሜዳህ። 1,500ን ለ15 ስታካፍለው ለአንድ ጨዋታ መቶ ብር ይመጣል። ጋራዥ ቤት ተቀምጬ በጣቴ ያሰላሁት ሂሳብ ነው። ካርዱ ላይም በግልጽ ተጽፏል፤ "በሜዳችን ለሚደረጉ ጨዋታዎች መግቢያ" ይላል።

መጋቢት 2012 ላይ ኮቪድ መጣ። ውድድሩ ቆመ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ተሰረዘ፤ ሻምፒዮንም የለም፣ ወራጅም የለም ተባለ። በኛ ቆጠራ ከ15ቱ ሰባት ጨዋታ ቀርቶን ነበር። ለአንድ ሰው 700 ብር። አልጠየቅንም። ሰው እየታመመ፣ ቤት ተዘግቶ፣ ጎረቤት ለቀብር እንኳን መሰብሰብ ባልቻለበት ጊዜ ስለ 700 ብር ማውራት ነውር ነበር። አሁንም ቢሆን በዚያ አልጸጸትም። ክለቡም አልተናገረም። "ቀሪ ጨዋታዎች ነበሯችሁ፣ አመሰግናለሁ" የምትል አንዲት መስመር ብቻ ብትመጣ ኖሮ ግን ደስ ይለን ነበር።

ቅር ያለኝ ከዚያ በኋላ ባለው ነው።

በ2013 ሊጉ መልኩን ቀየረ። ዲኤስቲቪ የቴሌቪዥን መብቱን ገዛ፤ ለ5 ዓመት፣ 22.5 ሚሊዮን ዶላር የተባለለት ውል። ጨዋታ በየክለቡ ከተማ መካሄዱ ቀረ። ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ተሰብስበው የተወሰኑ ሳምንታት ይጫወቱና ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላው ይዞራሉ። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ። በኋላ አዳማም መጣ። መጀመሪያ በባዶ ስታዲየም፣ ቀጥሎ በተወሰነ ተመልካች። በመሃል አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘጋ። በ2008 የተጀመረው፣ 60 ሺህ ሰው ይይዛል የተባለው የአደይ አበባ ስታዲየምም ያን ሁሉ ዓመት አልደረሰልንም።

የቴሌቪዥኑን ነገር አልጠላውም። የሀገሬን ሊግ በጥሩ ካሜራ ማየት ደስ ይላል፤ ልጆቻችን የአርሰናልን ተጠባባቂ በስም እየጠሩ የራሳቸውን ሀገር በረኛ የማያውቁበት ጊዜ ትንሽ ተሻሽሏል። ክለቦቹም ገንዘብ አግኝተዋል። እኔን ያልገባኝ ነገር አንድ ነው። ክለቡ ሜዳው ላይ መጫወት ቀርቶ የዓመት ካርዱ ዋጋ ባለበት ቀጠለ። እንዲያውም ጨመረ።

አሁን የአዳማዋን ቀን ልንገራችሁ።

ሊጉ አዳማ በነበረበት ሰሞን ነው፤ እሁድ ቀን። የጨዋታ መርሃ ግብሩ ላይ ባለሜዳ እኛ ነን። ስማችን በግራ በኩል ነው የተጻፈው፤ የምንለብሰውም የሜዳችንን ማልያ ነው። አባቴን "እንሂድ" አልኳቸው። ለጉልበታቸው ረጅም መቀመጥ ጥሩ አልነበረም፣ ግን እምቢ ማለት አልቻሉም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ቃሊቲ መናኸሪያ ነበርን። አዳማ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልከረረችም ነበር፤ ቁርስ በላን፤ ቡና ጠጣን። ጨዋታው 9 ሰዓት ስለሆነ 7 ሰዓት ላይ በር ላይ ደረስን።

አባቴ ካርዱን ከሸሚዝ ኪሳቸው አወጡ። በላስቲክ ጠቅልለው ነው የሚይዙት፤ ከቀበሌ መታወቂያቸው ጋር። በሩ ላይ የቆመው ልጅ አየት አደረገውና፣ "አባባ፣ ይሄ እዚህ አይሰራም፤ ትኬት መቁረጥ አለብዎት" አላቸው። ልጁ ጨዋ ነው። እሱን አልወቅስም፣ የታዘዘውን ነው ያደረገው። አባቴ ካርዱን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩት። ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡለት። "በሜዳችን ለሚደረጉ ጨዋታዎች።" ልጁ፣ "አዎ አባባ፣ ግን ይሄ የናንተ ሜዳ አይደለም" አለ።

"ታዲያ የኛ ሜዳ የቱ ነው?" አሉት አባቴ።

ጥያቄያቸው የምር ነበር። ልጁም መልስ አልነበረውም። እኔም እስከ ዛሬ የለኝም።

ወደ ትኬት መስኮቱ ሄድን። ለኛ ክለብ ደጋፊ የተመደበው ትኬት አልቋል ተባልን፤ የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ። ከመስኮቱ አስር እርምጃ ርቀው የቆሙ ልጆች ግን ትኬት ይዘዋል፤ በእጥፍ። ትኬቱ እንዴት እነሱ እጅ ገባ ብዬ ብጠይቅ ሳቁብኝ። ለአንድ ሰው የሚሆን ገንዘብ ነበረኝ፤ የመመለሻ ትራንስፖርት ተቀንሶ። አባቴን አስገባኋቸው። እኔ ውጭ፣ ጀበና ቡና ከምትሸጥ ልጅ አጠገብ ኩርሲ ላይ ተቀመጥኩ። በ60ኛው ደቂቃ ገደማ ጩኸት ሰማሁ። ጎል መሆኑን አውቃለሁ፣ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ቡና የምትሸጠው ልጅ "የናንተ ይሆናል" አለችኝ ልታጽናናኝ። አባቴ ሲወጡ ፊታቸውን አይቼ ነው ውጤቱን ያወቅኩት። እስከ ቃሊቲ ድረስ ጎሉን እንዴት እንደገባ ሲተርኩልኝ መጡ፤ ክለቤ ባለሜዳ በሆነበት ቀን፣ የዓመት ካርዴን ኪሴ ይዤ፣ ጎሉን በወሬ ሰማሁት።

በሳምንቱ የክለቡ ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ትሁት ነች። የነገረችኝ ነገር ግን ከአዳማው በር በላይ አሳዘነኝ። "ይሄ እኮ ትኬት አይደለም፣ ድጋፍ ነው። ክለብህን እየደገፍክ ነው" አለች።

እንግዲህ የደብዳቤዬ ዋና ነገር እዚህ ጋ ነው። ድጋፍ ሌላ ነው፣ ሽያጭ ሌላ ነው። ሁለቱም ክቡር ናቸው፤ ሲቀላቀሉ ግን አንዱ የሌላው መደበቂያ ይሆናል። ሲሸጡልን ትኬት ነው፤ መግቢያ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ጨዋታ ታያላችሁ ነው። ሂሳብ ስንጠይቅ ድጋፍ ይሆናል። ድጋፍ ከሆነ ድጋፍ ብላችሁ ጠይቁን፤ ክለቡ ቸግሮታል፣ የታዳጊዎች ማደሪያ ኪራይ አልተከፈለም በሉን። እንሰጣለን። ይሄ ሕዝብ ላልወለደው ልጅ ሕክምና የሚያዋጣ ሕዝብ ነው። አባቴ ከጡረታቸው ላይ ለክለቡ ገንዘብ አውጥተው ያውቃሉ፤ ማንም ካርድ አልሰጣቸውም፤ እሳቸውም አልጠበቁም። ያ ድጋፍ ነበር። 1,500 ብሩ ግን ግዢ ነበር።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳወራ "እንደ ዕድር አስበው" አለኝ። "ዕድር በየወሩ ትከፍላለህ፣ ባትጠቀምም አትጠይቅም።" በደንብ አሰብኩበት። ዕድር ግን እኮ ቃሉን ይጠብቃል። ሰው የሞተ ቀን ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ብረት ድስቱ ይወጣል። "ዘንድሮ ድንኳኑ ሀዋሳ ነው፣ እዚያ ሄዳችሁ አልቅሱ" ያለ የዕድር ዳኛ አይቼ አላውቅም። ደግሞ የዕድር ሂሳብ በየጊዜው በአባላት ፊት ይነበባል። የኛ የካርድ ገንዘብ ስንት እንደሆነና ምን ላይ እንደዋለ የሚነበብበት ቀን መቼ ነው?

ወንድሜ ለንደን ነው የሚኖረው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚያ የአንድ ክለብ ሲዝን ትኬት አለው። ይህን ጉዳይ በስልክ ሳጫውተው የራሱን ነገረኝ። ኮቪድ ሲመጣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 ላይ ቆሞ ሰኔ ላይ በባዶ ስታዲየም ቀጠለ። ክለቡ ኢሜይል ላከለት። ሳያያቸው ለሚቀሩት ጨዋታዎች ገንዘቡን መልሶ መውሰድ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት ማሸጋገር ይችላል። ምርጫው የሱ ነው። ምንም ቢሮ ደጅ አልጠናም። ያው ገንዘቡ የሱ ስለሆነ ተጠየቀ።

ከዚያ ታኅሣሥ 2020 ላይ መንግሥት በአንዳንድ አካባቢዎች ሁለት ሺህ ሰው ይግባ ብሎ ፈቀደ። አስቡት፣ 60 ሺህ ሰው በሚይዝ ስታዲየም 2,000 ሰው። ከፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች የመጀመሪያው አርሰናል ነበር፤ ታኅሣሥ 3 ከኦስትሪያው ራፒድ ቪየና ጋር። በሦስተኛው ቀን ሊቨርፑል ዎልቭስን 2,000 ሰው ፊት 4 ለ 0 አሸነፈ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ለንደን ላይ እገዳው ጠበቀና ስታዲየሞቹ እንደገና ባዶ ሆኑ። በዚያች አጭር ጊዜ ማን ይግባ የሚለውን የወሰነው ዕጣ ነው። የሲዝን ትኬት ያለው ሰው ይመዘገባል፣ ዕጣ ይወጣል። ወንድሜ አልወጣለትም። "ተናደድክ?" አልኩት። "አዘንኩ እንጂ አልተናደድኩም። ዕጣ ነዋ፣ ማንን ልቆጣ" አለኝ።

ይቺ ንግግሩ ውስጤ ቀረች። የአዳማው ቀን ያንገበገበኝ አለመግባቴ ብቻ አልነበረም። ወንበር ጥቂት ሲሆን አንዳንዱ ሰው መቅረቱ አይቀርም፤ ያንን ሕፃንም ይረዳዋል። ያንገበገበኝ ማን ገባ፣ በምን ገባ የሚለውን የሚነግረኝ አለመኖሩ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ ልጆቹ ትኬት መያዛቸው ነው።

ለዚህ ከእንግሊዝ መማር እንኳን አያስፈልገንም። ዕቁብ አለን። ዕቁብ ውስጥ ባለሀብቱም ሊስትሮውም ስማቸው በአንድ ሳህን ውስጥ ይገባል። ሰው ሁሉ እያየ ይወጣል። አንዴ የደረሰው ሰው ሁሉም እስኪደርሰው ይጠብቃል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ መዝገብ አለ። ስንት ትዳር፣ ስንት ሱቅ፣ ስንት ታክሲ በዚህ ሥርዓት ተሠርቷል! አንድ ክለብ ለአዳማው ጨዋታ 500 ወንበር ተሰጥቶት ከሆነ፣ ካርድ የገዙትን ደጋፊዎች ስም አስገብቶ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ በቀጥታ ዕጣ ማውጣት ምን ያቅተዋል? ለዚህኛው ጨዋታ የወጣለት ለሚቀጥለው ይቆያል። አለቀ። አባቴን የመሰሉ ሽማግሌዎች፣ አካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ቢያገኙ ደግሞ የሚቃወም ደጋፊ የለም። እኔ ሜዳ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ሚስማር ተራ በጣም የሚጮኸው ሰው ሳይቀር ለሽማግሌ ቦታ ይለቅ ነበር።

እንግሊዞቹ ሁሉ ነገር ተስተካክሎላቸዋል እያልኩ አይደለም። እነሱም ታግለው ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 2016 ሊቨርፑል ከሰንደርላንድ ሲጫወት ደጋፊው በ77ኛው ደቂቃ ላይ ተነስቶ ወጣ። አንድ ትኬት 77 ፓውንድ ይሆናል ተብሎ ስለነበረ ነው። ወደ አስር ሺህ ሰው ነው የወጣው። ሊቨርፑል 2 ለ 0 እየመራ ነበር፣ 2 ለ 2 አለቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የክለቡ ባለቤቶች ይቅርታ ጠይቀው ዋጋውን ሰረዙት። በዚያው ዓመት ደግሞ የእንግዳ ደጋፊ ትኬት ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ሁሉ ተስማሙ። በኮቪዱ ጊዜም ጥቅምት 2020 ላይ አንዳንድ ጨዋታዎችን በቴሌቪዥን ለማየት 14.95 ፓውንድ ክፈሉ ተብለው ነበር። ሜዳ እንዳይገቡ ተከልክለው፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ ደግሞ ክፈሉ! ደጋፊው እምቢ አለ። የኒውካስል ደጋፊዎች ገንዘቡን ለተቸገሩ ምግብ ለሚያድል ድርጅት ሰጡት፣ የሌሎችም ተከተሉ። በአንድ ወር ገደማ ዋጋው ቀረ።

ይህን ሳነብ የቀናሁት በገንዘባቸው አይደለም። እየወደዱ መጠየቅ መቻላቸው ነው። እኛ ዘንድ ክለቡን የጠየቀ ሰው ክለቡን የጠላ ይመስላል። ደጋፊ ማህበር ውስጥ ይህን ጉዳይ ሳነሳ አንድ ደጋፊ "አንተ ሂሳብ ከፈለግክ ባንክ ሂድ" ብሎኛል። ከፍቶኝ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት። ለዚህ ክለብ ስንት ዝናብ በላዬ ላይ ወርዷል።

የክለቦቹንም ችግር አውቃለሁ። በየሁለት ወሩ ከተማ እየቀየሩ ሆቴል መክፈል ቀላል አይደለም። ብዙዎቹ ክለቦች ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመሥሪያ ቤት በጀት ነው የሚኖሩት፤ በደጋፊ መዋጮ ላይ የሚደገፉት ጥቂት ናቸው። የሜዳ ገቢያቸው ሲቀር ከየት ያምጡ? ልክ ነው። ግን የሜዳ ገቢው የቀረው እኛም ሜዳ ስለቀረን ነው። የክለቡ ጉዳት ሲቆጠር የኛም ይቆጠር። የቴሌቪዥን ገንዘብ የመጣው ጨዋታው ከደጃችን ተነስቶ ስለሄደ አይደል? ከዚያ ገንዘብ ላይ ትንሿን ቆርሶ የካርዱን ዋጋ ማቃለል፣ ወይም ደጋፊውን የሚያጓጉዝ አንድ ሁለት አውቶቡስ መከራየት ይቻል ነበር። አባቴ ዛሬ ጨዋታ የሚያዩት ሰፈር ካለ ዲኤስቲቪ ቤት ነው፣ በእያንዳንዱ ጨዋታ መግቢያ ከፍለው። ስለዚህ ለአንዱ ክለባቸው ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። አዳማ ሲሄዱ ሦስት ጊዜ፣ ከመንገዱ ጋር አራት። አዳማ እንኳን ቅርብ ነው፤ ድሬዳዋና ባህር ዳር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማን ነው ደርሶ የሚመለሰው?

አንድ ነገር ላይ ግን ከጓደኞቼ ጋር አንስማማም። ደጋፊ ባጠፋው ጥፋት ክለቡ ተቀጥቶ በዝግ ስታዲየም ሲጫወት፣ እሱም ይመለስልን ይላሉ። እኔ ለዚያኛው ገንዘቤን አልጠይቅም። ድንጋዩን የወረወረው ከመሃላችን ነው። አጠገቡ ቆመን እጁን አልያዝንም። በሱ ቅጣት ክለቡ ተጎድቷል፣ እኛም አብረን እንጎዳ። ሜዳው በእድሳት፣ በበሽታ ወይም በቴሌቪዥን ውል ሲዘጋ ግን የኛ ጥፋት የለበትም፤ ክለቡም አስቀድሞ ያውቀዋል። አስቀድሞ እያወቀ 15 ጨዋታ እንዳለ አድርጎ መሸጥ ልክ አይደለም። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ልክ አይደለም።

ብሔራዊ ቡድናችንንም ያው ነገር ደርሶበታል። መስከረም 2014 ላይ ባህር ዳር ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተጫወትን፣ ከዚያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየማችሁ አይመጥንም አለ። ጋናን "በሜዳችን" ጆሃንስበርግ ላይ አስተናገድን። ሰኔ 2014 ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ባለሜዳ እኛ ነበርን፣ ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ጎል ሲያገቡ አባቴ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ቆመው አለቀሱ። ግብፅን ስናሸንፍ እንደገና ለማየት ስንት ዓመት የጠበቁ ሰው ናቸው። እጃቸውን ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ። "ይሄን እዚህ ብናየው" ነው ያሉት፣ በጣታቸው ወደ ስታዲየሙ አቅጣጫ እያሳዩ። ለዚያ ቀን ትኬት የሸጠልን ስላልነበረ የምንጠይቀው ገንዘብ የለም። ካርዱ ግን ተሸጦልናል።

ስለዚህ ለክለቦችም ለሊጉ አክሲዮን ማህበርም በናንተ በኩል ይድረስልኝ። ካርድ ከመሸጣችሁ በፊት ስንት ጨዋታ እንደምናይ ንገሩን። አምስት ከሆነ የአምስት አስከፍሉን። ምንም ከሌለ ካርዱን የድጋፍ ካርድ በሉት፤ ሰው የአቅሙን ይስጥ፤ መቶ ብር የሰጠም ሺህ የሰጠም እኩል ይመስገን። በማንኛውም ከተማ ባለሜዳ ስትሆኑ ካርዳችን በር ላይ ይሥራ፤ ይህ በስልክ ጥሪ የሚያልቅ ነገር ነው። ወንበር ጥቂት ሲሆን በዕጣ ይሁን፣ ዕጣውም በአደባባይ ይውጣ። ቃል የተገባልን ጨዋታ ሲቀር ደግሞ ጠይቁን፤ "እንመልስላችሁ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይያዝላችሁ፣ ወይስ ለክለቡ ትተዉታላችሁ?" በሉን። ብዙዎቻችን ለክለቡ ይሁን እንደምንል እርግጠኛ ነኝ። እኔ እንደዚያ ነው የምለው። አባቴም እንደዚያ ነው የሚሉት፣ ጠይቄያቸዋለሁ።

እናንተም ጋዜጠኞች፣ ከክለብ ሥራ አስኪያጅ ጋር ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ ከተጫዋች ዝውውሩ ጥያቄ ጎን ይቺን አንዷን ጠይቁልኝ። የዓመት ካርድ የገዛ ሰው ዘንድሮ ስንት ጨዋታ በካርዱ ይገባል? ቁጥር ብቻ ነው የምፈልገው።

የአባቴ ካርድ የሚታደስበት ጊዜ እየደረሰ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ብሩን ቆጥረው ፖስታ ውስጥ አስቀምጠዋል፤ ቁምሳጥኑ ላይ ነው ያለው። "ልክፈል ወይስ ልጠብቅ?" ብለው ጠየቁኝ። መልሱን በጋዜጣችሁ ካገኘሁ አነብላቸዋለሁ ብያቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ
ከቂርቆስ፣ አዲስ አበባ